ድንኳን የት ይተከላል? በሸናንዶዋና በአካባቢው ተራሮች ሕጋዊ ማደሪያ ስለ ማግኘት

በሀገራችን ገጠር መንገደኛ ሲመሽበት ወደ አንዱ ደጃፍ ጠጋ ብሎ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ማለቱ የኖረ ልማድ ነው። ባለቤቱ ፊት ለፊት ስላለ ፈቃዱም ሆነ እምቢታው እዚያው በቃል ይነገራል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜና እሑድን ጠብቀን፣ ድንኳናችንን በጀርባችን አዝለን ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ስንወጣ የሚገጥመን ግን ሌላ ነው። መሬቱ ሁሉ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ግን በቦታው የለም፤ ፈቃዱም የሚገኘው ከቤት ከመውጣታችን በፊት፣ ከካርታና ከደንብ ነው። በብዙ ጉዞ እንዳየሁት አዲስ ተጓዥ የሚሳሳተው ደንብ ለመጣስ ፈልጎ ሳይሆን ለዓይን ጥሩ የመሰለውን ቦታ ሁሉ የተፈቀደ አድርጎ ስለሚወስድ ነው። በእነዚህ ተራሮች ደግሞ ዓይን የሚማርከው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ የተከለከለው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው የተፈቀደውን ቦታ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በእግሩ ያየ ሰው ጥያቄው ራሱ አዲስ ሊሆንበት ይችላል። እዚያ ተጓዡ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ክፍያውን ፈጽሞና ስካውት የሚባል የፓርኩ ጠባቂ ተመድቦለት ነው የሚገባው፤ የሚያድረውም እንደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ባሉት የታወቁ ሰፈሮች ስለሆነ፣ የት ላድር የሚለው ነገር ገና ከመነሻው ተወስኖለታል። በአሜሪካ ተራሮች ግን ውሳኔው በአብዛኛው ለተጓዡ የተተወ ነው።

በካርታዎችና በማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ የሚገኙ ሦስት ቃላትን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። «ፕሪሚቲቭ» የተባለ ማደሪያ የቧንቧ ውሃ፣ መብራትና መታጠቢያ የሌለው ማለት ብቻ ነው፤ ተጓዡ በፈለገበት ይስፈር ማለት አይደለም። «ባክካንትሪ» ከመኪና መንገድ የራቀውንና በእግር ብቻ የሚደረስበትን የመሬት ክፍል ያመለክታል። «ዲስፐርስድ» ሲባል ደግሞ የተሰናዳ ሰፈር ሳይኖር፣ ደንቡ የሚያዘውን ርቀት ጠብቆ ራስ በመረጡት ቦታ ማደር ነው። እነዚህን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል። ለምሳሌ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የስካይ ሜዶስ ስቴት ፓርክ በእግር የሚደረስባቸው «ፕሪሚቲቭ» ማደሪያዎች አሉት፤ ሆኖም ቦታዎቹ የተወሰኑና አስቀድመው የሚያዙ ስለሆኑ፣ ቃሉን አንብቦ በፓርኩ ውስጥ ባገኘው መስክ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ጥፋተኛ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ሸክም ይዞ ለሚያድር ሰው ከዲሲ ቅርብ የሆነውን ይህን ቦታ እመክራለሁ። መንገዱ አጭር ነው፣ የት ይታደራል የሚለው ጭንቀትም የለበትም።)

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንጊዜም መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው። በአካባቢያችን ተራሮች የፌዴራል መንግሥቱ መሬት በዋናነት በሁለት እጅ ይገኛል። ብሔራዊ ፓርኮች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ባለው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይተዳደራሉ፤ ብሔራዊ ደኖች ደግሞ የግብርና ሚኒስቴር አካል በሆነው የደን አገልግሎት ሥር ናቸው። ይህ የቢሮ ክፍፍል ለተጓዡ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የሁለቱ መነሻ ሐሳብ ይለያያልና። በፓርክ ውስጥ ለማደር ፈቃድ መያዝ የተለመደ ሲሆን የቦታ ገደቡም ጥብቅ ነው። በጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደኖች ግን፣ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ በሚሸፍነው በዚያ ሰፊ መሬት፣ ልዩ ክልከላ ካልተነገረ በስተቀር ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ወረቀት ማደር ይቻላል። ከእነዚህ ሌላ የየስቴቱ ፓርኮችና ደኖች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የቀረው የግለሰብ መሬት ነው፣ በዚያም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማደር አይቻልም።

ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ሁሉ የብሔራዊ ደን ነው ብሎ መደምደም በጣም የተለመደ ስሕተት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በምሥራቅ አሜሪካ ያለው ደን እንደ ምዕራቡ ከጥንት ጀምሮ በመንግሥት እጅ የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ ለፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ሰጥቶት፣ የተራቆተውንና እንጨቱ ተጨፍጭፎ ያለቀውን ተራራ ከግለሰቦች እየገዛ ነው ደኑን የመሠረተው። ለመሸጥ ፈቃደኛ ያልሆነው መሬቱን ይዞ ቀረ። ስለዚህ በአዋጅ የተከለለው የደኑ ወሰን ውስጥ ዛሬም እንደ ጥልፍ የተሰበጣጠሩ የግል መሬቶች፣ የአደን ጎጆዎችና የእርሻ ማሳዎች አሉ፤ ብዙ ካርታዎች ደግሞ የሚቀቡት ይህን የአዋጅ ወሰን እንጂ እያንዳንዱን ይዞታ አይደለም። ይዞታን ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ከደን አገልግሎቱ ራሱ ማግኘት ይቻላል፤ የወል መሬቶችን በቀለም የሚለዩ የስልክ ካርታዎችም አሉ። መሬት ላይ ሲደርሱ ደግሞ የዛፍ ግንዶችን ማየት ነው። በዌስት ቨርጂኒያና በፔንሲልቬኒያ በግንድ ላይ የተቀባ ወይን ጠጅ ቀለም «አትግቡ» ከሚል ሰሌዳ እኩል በሕግ ይጸናል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ቀለሙን የዱካ ምልክት ሊያደርገው ይችላል።

ባለቤትነት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ለማየት ከአፓላቺያን ዱካ የተሻለ ምሳሌ የለም። ይህ የእግር መንገድ በ14 ስቴቶች ውስጥ ከ2,190 ማይል በላይ ይጓዛል፤ ሩብ ያህሉም በቨርጂኒያ ነው። ዛፍ ላይ የተቀባው ነጭ ምልክት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ተጓዡ ሳይታወቀው ከአንዱ ደንብ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሜሪላንድ ውስጥ ባለው 40 ማይል ገደማ ማደር የሚፈቀደው በተወሰኑት መጠለያዎችና ሰፈሮች ብቻ ነው። ሸናንዶዋ ፓርክ ሲገባ የፈቃድና የርቀት ደንብ ይጀምራል። ከፓርኩ ደቡብ ባለው ብሔራዊ ደን ውስጥ ደንቡ ይላላና በአብዛኛው ራስ በመረጡት ቦታ ማደር ይቻላል። ወደ ሮኖክ ከተማ ሲጠጉ ግን ማካፊ ኖብ በተባለው ዝነኛ አለት ዙሪያ፣ በስቴት መንገድ ቁጥር 624 እና በፌዴራል አውራ ጎዳና ቁጥር 220 መካከል፣ እንደገና ከተወሰኑት ቦታዎች ውጭ ማደር ይከለከላል፤ የሕዝቡ ብዛት ሣሩንና አፈሩን ስለጎዳው ነው። ዱካው አንድ ሆኖ ሳለ በየቀኑ አዲስ የሌሊት ሕግ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሸናንዶዋ ልግባ፤ ከዲሲ 70 ማይል ገደማ ላይ የሚጀምር፣ አብዛኞቻችንም የምናውቀው ተራራ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመ ሲሆን ወደ 200,000 ኤከር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ከዚህም 40 በመቶ ያህሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ሰው ሠራሽ ነገር እንዳይገባበት በኮንግረስ ሕግ የተጠበቀ ዱር ነው። በእግር ገብቶ ለማደር ከመግቢያ ክፍያው ሌላ የማደሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም አስቀድሞ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይወጣል። ፈቃዱ ግን ቦታ አይሰጥም። የሚሰጠው መብት ነው፤ ቦታውን መፈለግ የተጓዡ ሥራ ነው፤ ፍለጋውም በርቀት ደንቦች ይገዛል።

ድንኳኑ ከጅረት ወይም ከማንኛውም የተፈጥሮ ውሃ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ከእግር መንገድና አስፋልት ካልለበሰ የእሳት መከላከያ መንገድ 20 ያርድ፣ ከሌሎች ሰፋሪዎችና «ማደር ክልክል ነው» ከሚል ምልክት 50 ያርድ መራቅ አለበት። ከቆሙ ሕንፃዎችና ከፍርስራሾችም፣ የድንጋይ መሠረትና የጭስ ማውጫ ጭምር፣ 50 ያርድ ይራቃል። በዱካው ላይ ካሉት ጎጆዎችና መጠለያዎች ደግሞ ርቀቱ 100 ያርድ ነው፤ በጎጆዎቹ አጠገብ በምልክት የተለዩ የድንኳን ቦታዎች ላይ ግን ማደር ይቻላል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ከአስፋልት መንገድ፣ ከፓርኩ ወሰን እንዲሁም ከካምፕ ግቢ፣ ከሎጅና ከመሳሰሉት አገልግሎቶች ሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። ጭራሽ የተዘጉ ቦታዎችም አሉ፤ የኦልድ ራግ ተራራ ከ2,800 ጫማ በላይ፣ የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ሆክስቢል ደግሞ ከ3,600 ጫማ በላይ ማንም አያድርባቸውም።

እነዚህን ርቀቶች በተራራው ቅርጽ ላይ ካስቀመጥናቸው ሸናንዶዋ ለምን እንደሚያስቸግር ይገባናል። ስካይላይን ድራይቭ የተባለው 105 ማይል አስፋልት በዋናው ተረተር ላይ ይሄዳል፤ የአፓላቺያን ዱካም ከጎኑ እየተጠማዘዘ ይከተለዋል። ተረተሩ ላይ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ከአስፋልቱ በሩብ ማይል ውስጥ ስለሚወድቅ በአንድ ጊዜ ከምርጫ ይወጣል። ከታች፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ሌላ ለጥ ያለ መሬት አለ፤ እሱን ደግሞ ጅረቱ፣ ጅረቱን ተከትሎ የሚሄደው ዱካ፣ የፓርኩ ወሰንና የድሮ ቤቶች ፍርስራሽ ተከፋፍለውታል። መካከለኛው ተዳፋት ሰው ሊተኛበት የማይችል ቀጥ ያለ ነው። የሚቀረው፣ ከዋናው ተረተር ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንደ ጣት የሚወርዱት የጎን ተረተሮች ጀርባ፣ በእነዚህም ላይ አልፎ አልፎ የሚገኘው ኮርቻ መሳይ ዝቅታ ነው። ውሃ የላቸውም፣ መንገድ አያልፍባቸውም፣ ጥንትም ሰው አልሠራባቸውም፤ ሕጋዊ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው።

የፍርስራሹን ነገር በአንድ ምሽት ነው በደንብ የተማርኩት። በፀደይ መጀመሪያ ከአንድ ወዳጄ ጋር ዘግየት ብለን ተነስተን ሸለቆው ውስጥ መሸብን። በግራ በኩል፣ ከዱካው ራቅ ብሎ፣ የተደለደለ የሚመስል መስክ አገኘን፤ ዙሪያውን ቢጫ ዳፎዲል አብቦበታል፣ ከሥሩም ቪንካ የሚባለው አረንጓዴ ሐረግ መሬቱን ሸፍኖታል። ደስ ብሎን ድንኳኑን ተክለን ከጨረስን በኋላ የግንባር መብራቴ አንድ መስመር ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንጋዮቹ በወጉ የተደረደሩ ነበሩ፣ ጫፋቸውም ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፋል፤ የቤት ጥግ ነው። ዳፎዲልም ሆነ ያ ሐረግ በዚያ ደን ውስጥ በራሱ አይበቅልም፤ ከበር ፊት ሰው የተከለው ነው። ፓርኩ ሲመሠረት የቨርጂኒያ ስቴት መሬቱን በሕግ እየወረሰ ለፌዴራል መንግሥቱ ሲያስረክብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከዚህ ተራራ ተነስተዋል፤ አንዳንዶቹም ወድደው አልሄዱም። ድንኳኑን ነቀልን። እኔ ከድንጋዩ ጥግ ጀምሬ ሽቅብ 70 እርምጃ ቆጠርኩ፣ ወዳጄ መብራቱን ይዞ ተከተለኝ፤ የተኛነውም መሬቱ ትንሽ ዘንበል ባለበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በጫካ መካከል የጓሮ አበባ ካየሁ ደንቡን ማስታወስ አያስፈልገኝም፤ የሰው ቤት ነው።

የቆጠርኩት 70 እርምጃ ከሒሳብ የመጣ ነው። የአዋቂ ሰው እርምጃ በሜዳ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ 20 ያርድ ወደ 18 ሜትር ስለሆነ 25 እርምጃ፣ 50 ያርድ ደግሞ 46 ሜትር ስለሆነ ወደ 61 እርምጃ ይሆናል። በድንጋይና በቁጥቋጦ መካከል ሸክም ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እርምጃው ስለሚያጥር ጥቂት መጨመር ይገባል። ውሃን በተመለከተ ደንቡ 10 ያርድ ይበል እንጂ፣ ተፈጥሮን ሳይጎዱ ለመጓዝ የሚሰጠው የተለመደው ምክር 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ያህል መራቅ ነው፤ እኔም ይህን እከተላለሁ። የድስት እጣቢ፣ የሳሙና አረፋና የሰው እግር ጅረቱን ያበላሹታል፣ ሌሊት ወደ ውሃ የሚወርዱትን እንስሳትም ያስበረግጋሉ።

ፍለጋው በቤት ጠረጴዛ ላይ ሲጀመር የሚሠራበት መሣሪያ የከፍታ መስመር ያለው ካርታ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1፡24,000 ልኬት በሚያወጣው ካርታ ላይ ሩብ ማይል 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በእርሳስ ከስካይላይን ድራይቭ ግራና ቀኝ፣ ከፓርኩም ወሰን ወደ ውስጥ 1.7 ሳንቲ ሜትር እየለኩ ማጥቆር ነው። ሲያጠቁሩት የሚቀረው ነጭ ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በገዛ ዓይን ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ቀጥሎ በነጩ ውስጥ የከፍታ መስመሮቹ የተራራቁበትን መፈለግ ነው። በእነዚህ ተራሮች በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብዙውን ጊዜ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ነው። መስመሮቹ በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ መሬቱ በ240 ሜትር ርቀት ውስጥ 12 ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ ለድንኳን ይመቻል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን በ24 ሜትር ውስጥ 12 ሜትር መውረድ ነውና እዚያ ቆሞ መቆየትም ያደክማል። ለእያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከዋናው ቀድሞ በመንገድ ላይ የሚገኝ አድርጎ፣ ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ካርታው የማይነግረውን ለመጠየቅ ከመነሳት በፊት ባለው ሳምንት ወደ አካባቢው የሬንጀር ቢሮ መደወል የግድ ነው እላለሁ። የተዘጋ መንገድ፣ በድብ ምክንያት ማደር የተከለከለበት ሸለቆ፣ በድርቅ ምክንያት የወጣ የእሳት እገዳ፣ እነዚህ ሁሉ በትእዛዝ የሚወጡና የሚሻሩ ስለሆኑ ያለፈው ዓመት ካርታ ላይ አይገኙም። አንዳንዱ ማሳሰቢያ ደግሞ ማንም ሊገምተው የሚችል አይደለም። በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው ዶሊ ሶድስ በተባለው ውብ ዱር ሠራዊቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመድፍ ልምምድ ያደርግበት ስለነበር፣ ያልፈነዳ ጥይት ሊገኝ እንደሚችልና ያየ ሰው ሳይነካ እንዲያሳውቅ ዛሬም ይነገራል።

ቦታው ላይ ሲደረስ መጀመሪያ የሚታየው ወደ ላይ ነው። ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ «አሽ» የተባለውን ዛፍ፣ ሌላ ጥቃቅን ተባይ ደግሞ «ሄምሎክ» የሚባለውን ጥድ መሳይ ዛፍ በብዛት ገድለዋቸዋል፤ የደረቁት ግንዶች እንደቆሙ ናቸው፣ ነፋስ በነፈሰ ሌሊትም ቅርንጫፍ ይጥላሉ። ከእንዲህ ያለ ዛፍ ሥር ሕጋዊ ሆኖ መተኛት ምንም አይጠቅምም። ከዚያ ለድንኳን የሚመረጠው ሣርና አበባ የበቀለበት ሳይሆን ደረቅ ቅጠል የተነጠፈበት ወይም ከዚህ በፊት በሰው የተረገጠ መሬት ነው። ያም ቢሆን «ሰው አድሮበታል» ማለት «ተፈቅዷል» ማለት እንዳልሆነ መታወስ አለበት። በዱካ ዳር የሚታዩት ብዙዎቹ የተደላደሉ የድንኳን ቦታዎች ደንብ የጣሱ ሰዎች የከፈቷቸው ናቸው።

እሳትን በሚመለከት የሸናንዶዋ ደንብ ግልጽ ነው፤ በጎጆዎችና በቀን መጠለያዎች ከተሠሩት ምድጃዎች ውጭ የእንጨት እሳት አይነድም። ምግብ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበስላል፤ ቡናም ቢሆን በዚያው ይፈላል። በብሔራዊ ደን ውስጥ እሳት በአብዛኛው ቢፈቀድም፣ በቨርጂኒያ ሕግ ከየካቲት 15 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከጫካ በ300 ጫማ ርቀት ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ አይቻልም። ምግብና ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ድብ በማይከፍተው ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካልሆነም ከመሬት 10 ጫማ ከግንዱም 4 ጫማ ርቆ ይሰቀላል።

በጎን ተረተር ላይ ማደር ውሃ ተሸክሞ መውጣትን ስለሚጠይቅ የቀኑ ሰዓት አከፋፈልም በዚያው መታሰብ አለበት። ለሁለት ሰው ለእራት፣ ለቁርስና ለመጠጥ አራት ሊትር ያህል ከመጨረሻው ጅረት ላይ አጣርቶ መያዝ ይበቃል፤ አራት ሊትር አራት ኪሎ ነውና ሽቅቡ ይሰማል። እኔ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ቦታው ላይ ለመድረስ አስቤ እነሳለሁ። በኅዳር ወር እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይመሻልና ይህ ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት መድረስ ነው። ከዚያ ዘግይቼ በካርታው ላይ ወደ መጀመሪያው ምልክት ከደረስኩ፣ እግሬ ባይደክምም ወደ ሁለተኛው አልቀጥልም፤ ሸክሜን አውርጄ፣ ከዱካው 25 እርምጃ ቆጥሬ፣ ከድንጋይ መሠረትና ከደረቀ ዛፍ ነጻ መሆኑን በብርሃን አይቼ እዚያው እተክላለሁ።